ብርድ መርጦ አይመታም

ደብረ ብርሃን ላይ መኪና ጠዋት አልነሳ ካለ ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ ብርዱ ነው ይላል። ብርዱ በእውነት ቀላል አይደለም። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን ነጭ አልብሶት ያድራል። ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ባትሪ ከአቅሙ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ የሞተር ዘይትም ይወፍራል። ሞተሪኖው ብዙ ጉልበት በሚፈልግበት ሰዓት ባትሪው የሚሰጠው ያንሳል ማለት ነው። ስለዚህ የእኛ አሮጌ አይሱዙ ንጋት ላይ «ጠቅ» ብሎ ዝም ሲል ማንም ሌላ ምክንያት አልፈለገም።

ይህ አይሱዙ ነው ያሳደገን። አባቴ የእኔንና የእህቶቼን ደብተር የገዛው በእሱ ገቢ ነው። ገብስና ባቄላ ጭኖ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ያራግፋል፤ ሲመች ደግሞ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ቆላ ይወርድና ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ ያመጣል። ታዲያ ሸዋ ሮቢት ሲሄድ በአንድ ቁልፍ ነው የሚነሳው። ሹፌራችንም «አየህ፣ ሙቀት ሲያገኝ ምንም የለበትም» ይለኛል። እዚያ ግን መኪናው ቆሞ አያድርም፤ ሽንኩርት ሌሊቱን ተጭኖ ሳይነጋ መንገድ ይጀመራል። እኛ ልብ ያልነው ሙቀቱን ብቻ ነበር።

ሹፌሩ በበኩሉ ዘዴ አበጀ። ማታ ማታ መኪናውን ዳገት ላይ ያቆመዋል፣ ረዳቱ ጎማው ሥር ታኮ ያስገባል። ጠዋት ታኮው ሲነሣ መኪናው ቁልቁል ይንከባለላል፤ ሹፌሩም ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ሞተሩ ይነሳል። ሰፈሩ ሁሉ ለመደው፤ ልጆች ሊያዩ ይወጡ ነበር።

አንድ ሰኞ ማለዳ ግን ሞተሩ አልያዘም። ሞተር ሳይነሳ ደግሞ የአይሱዙ ፍሬን እንደ ልብ አይታዘዝም። ሹፌሩ ሁለት እግሩን ፍሬኑ ላይ ጭኖ፣ የእጅ ፍሬኑን እየሳበ፣ ክላክስ እያስጮኸ ወረደ፤ ክላክሱም ባትሪው ስለደከመ የሚያሰማው ሲጥታ ብቻ ነበር። ጀሪካን ያዘለች ሴት ከመንገዱ ዘላ ወጣች። መኪናው የቆመው ለግንባታ የተደፋ የአሸዋ ክምር ላይ ወጥቶ ነው። ሴትዮዋን አስቀምጠን ውሃ ስንሰጣት እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቴ ዘወር አለና «ከዛሬ ጀምሮ ይህ መኪና ቁልቁል እየተንከባለለ አይነሳም» አለ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እኛ ግን እስከዚያ ድረስ የምንጠይቀው ቅርንጫፉን ነበር። አንድ ጋራዥ ዲናሞው ነው ብሎ ፈታው፣ ጠግኖም መለሰው። አንድ ሱቅ ባትሪው ነው ብሎ አዲስ ሸጠልን፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ደከመ። መኪናው በ24 ቮልት ነው የሚሠራው፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተቀጣጥለው ነው ያንን የሚሰጡት። በተቀየረ ቁጥር የሚሞተው ከሁለቱ አንዱ፣ ያውም በዚያው በአንድ ቦታ የተቀመጠው ነበር። ሌላኛው ደግሞ ውሃው ቶሎ ቶሎ እያነሰ ይጨመርለታል።

ይህን የነገርኳቸው መንገድ ዳር ኮንቴይነር ውስጥ የሚሠሩ አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ናቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ስለ ብርዱ አነሣሁባቸው። «ልጄ፣ ብርድ መርጦ አይመታም» አሉኝ። «ሁለቱ አንድ ሳጥን ውስጥ ነው የሚያድሩት። ብርድ ቢሆን ሁለቱም ይደክሙ ነበር። አንዱን ብቻ የሚበላ ነገር አለ።»

ቴስተራቸውን ይዘው መጡና በመጀመሪያ ባትሪዎቹን ለየብቻ ለኩ፤ አንዱ 12.6 ቮልት፣ ሌላው 11.4። ከዚያ ቁልፉ ተነቅሎ በሩ ተዘግቶ ሳለ የባትሪውን የኔጋቲቭ ገመድ ፈቱና በገመዱና በባትሪው ራስ መካከል ቴስተሩን አስገቡ። ምንም ባልበራበት መኪና ቁጥሩ ዜሮ አካባቢ መሆን ነበረበት። 0.8 አምፔር አሳየ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ አስነቀሉኝ፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። የዲናሞውን ገመድ ፈቱ፤ አሁንም 0.8። «እንግዲህ ይህ ነገር በፊውዝ በኩል አያልፍም» አሉና ሁለቱ ባትሪዎች የሚገናኙበትን ቦታ በጨርቅ ጠረጉት። ከዝገቱና ከጭቃው ሥር፣ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለች ቀጭን ቀይ ሽቦ ወጣች።

ሽቦዋን ተከትለን ጋቢና ገባን። ምንጣፉን ገለጥን፣ የረዳቱን ብርድ ልብስ አነሣን። ከወንበሩ ሥር አቧራ የጠጣ አምፕሊፋየር ተቀምጧል። እጄን አሳረፍኩበት፤ መስተዋቱ ላይ ውርጭ ባለበት ማለዳ ያ ብረት ለብ ብሎ ነበር።

አባቴ ወዲያው አወቀው። የቀድሞው ሹፌራችን የደሴን መንገድ በማሪቱ ለገሰ አምባሰል ካልሆነ አይነዳውም ነበር፤ ቴፑን ያስገጠመው እሱ ነው። ቴፑ ባለ 12 ቮልት ስለሆነ ገጣሚው ከአንዱ ባትሪ ብቻ ቀጠለለት፤ አምፕሊፋየሩንም ከቁልፉ ጋር ሳያገናኝ ሁልጊዜ እንዲነቃ አድርጎ አሰረው። ቴፑ ኋላ ተበላሽቶ ወጣ፤ አምፕሊፋየሩ ቀረ። 0.8 አምፔር ትንሽ ይመስላል። ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ንጋት ሲቆም ግን ከባለ 70 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ከሲሶ በላይ ይወስዳል። ሰኞ ሰኞ የሚብሰው ለዚህ ነበር። ዲናሞው ወደ 28 ቮልት ሲሰጥ ደግሞ ሁለቱን እንደ አንድ ነው የሚሞላው፤ የደከመው ሳይጠግብ ደህናው ከልክ በላይ ይሞላና ውሃውን ይጨርሳል። ስለዚህ ያ ሽቦ የሚገድለው ሁለቱንም ነበር፤ አንዱን በረሃብ፣ አንዱን በጥጋብ።

ያ ሽቦ በክፋት የተቀጠለ አይደለም። ረጅም መንገድ ለብቻው የሚነዳ ሰው እንቅልፍ እንዳይጥለው ነው። በየአሮጌ መኪናው ውስጥ እንዲህ ለደግ ነገር የተቀጠሉ፣ ባለቤቶቻቸው የሄዱ ሽቦዎች አሉ። እቃው ሲነሣ ሽቦውም አብሮ መነሣት አለበት። ባለ 12 ቮልት እቃ የግድ ካስፈለገም ከ24 ወደ 12 የሚቀይር መሣሪያ በፊውዝ ይገጠምለት፤ ከአንዱ ባትሪ አይቀጠል።

እኛ ሁለት እኩያ ባትሪዎች ገዛን፤ ከክሪኩ አጠገብም ቴስተር ተቀምጧል፤ ዋጋው ከአንድ ባትሪ ጋር የሚወዳደር አይደለም። መኪናችሁ ጠዋት ካስቸገራችሁ ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ ለኩ። እኩል ከደከሙ ብርዱንም እርጅናውንም ጠርጥሩ። አንዱ ብቻ ከወረደ ግን ሽቦ ፈልጉ፤ እስክታገኙትም መኪናውን ቁልቁለት ላይ አታሳድሩት።