የድሮ ጭራቅ ዚፑ ይታይ ነበር

ዘንድሮ አስፈሪ ፊልም የሚሠራ ሰው ጠፍቷል። የሚሠሩት ወይ ባለጠጎች ናቸው ወይ አስመሳዮች። ይህን ስል የልጅ ልጆቼ «አባባ ጀመራቸው» እየተባባሉ ይጠቃቀሳሉ። ይጠቃቀሱ! እኔ ጭራቅ ማየት የተማርኩት ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ፣ ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ባርኔጣውን አላወልቅ ብሎ፣ የቅጂ ቅጂ በሆነ ካሴት ነው። ከፊልሙ ግማሹ ዝናብ፣ ሲሶው መስመር ነበር። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ካለ ጮክ ብሎ ያስረዳል፤ ከሌለ የማያውቀው ያስረዳል። ያም ሆኖ ማታ ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን መሐል ለመሐል ነበር የምንይዘው።

አሁንስ? ባለፈው የልጅ ልጄ «አባባ፣ የዓመቱ ምርጥ ሆረር ይሄ ነው» ብሎ አስቀመጠኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንዲት ሴትዮ መስኮት ታያለች። ታያለች፣ ታያለች፣ ትተክዛለች። «ጭራቁ የታለ?» ብዬ ብጠይቀው «አባባ፣ ጭራቁኮ ሐዘኗ ነው» አለኝ። ሐዘን እኔም ቤት ሞልቷል፤ እሱን ለማየት የኢንተርኔት ጥቅል አልገዛም። በስተመጨረሻ አንድ ነገር ብቅ ሲል ደግሞ ኮምፒውተር የወለደው ሆኖ ተገኘ፤ ላብ የለው፣ ዚፕ የለው፣ ውስጡ ሰው የለው።

ጭራቅ ማለት ፊል ተከር እ.ኤ.አ. በ1953 ‹ሮቦት ሞንስተር› ላይ ያሳየን ነው። ሰውየው ከሌላ ዓለም የመጣ ሮቦት አስፈልጎታል፤ የሮቦት ልብስ የሚያሠራበት ገንዘብ ግን የለውም። ጆርጅ ባሮውስ የሚባል ተዋናይ ደግሞ የግሉ የሆነ የጎሪላ ልብስ አለው። ታዲያ ምን ቸገረ? ጎሪላውን ጠራና ራሱ ላይ የጠፈርተኛ ቆብ ደፋበት። በቃ፣ ሮቦት ሆነ። ይኸው ፍጡር የሰውን ዘር ከሞላ ጎደል ጨርሶ፣ የቀሩትን ጥቂት ነፍሶች በሎስ አንጀለስ ገደላገደል፣ በዚያ ፀሐይ፣ ያን ሁሉ ፀጉር ተሸክሞ ያሳድዳል። የመገናኛ መሣሪያው የሳሙና አረፋ ይተፋል። ለምን? አትጠይቁ። ሙዚቃውን የደረሰው ግን ኤልመር በርንስታይን ነው፤ ኋላ ‹ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን›ን የሠራው ራሱ።

ኤድ ዉድንማ ተዉት። ‹ፕላን 9 ፍሮም አውተር ስፔስ›ን ሊሠራ ሲነሳ የነበረው ትልቁ ሀብት ቤላ ሉጎሲን የቀረጸበት ጥቂት ምስል ነው። ሉጎሲ የ1931ዱ ድራኩላ፣ ስንቱን ያንቀጠቀጠ ሰው፣ በኦገስት 1956 አርፏል። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን ለቅሶ ደርሶ ፊልሙን ይተወው ነበር። ዉድ የሚስቱን ወጌሻ አመጣና ካባ አልብሶ በሟቹ ቦታ አቆመው። ወጌሻው ረጅም ነው፣ መልኩም ከሉጎሲ ጋር አይገናኝም፤ ስለዚህ በታየ ቁጥር በካባው ፊቱን ሸፍኖ ነው። ገንዘቡን የሰጡት የቤቨርሊ ሂልስ ባፕቲስቶች ናቸው፤ ከተዋንያኑም ለዚሁ ሲሉ የተጠመቁ አሉ። ለፊልም ብሎ መጠመቅ! ዛሬ ለፊልም ብሎ ጢሙን የሚላጭ ስንት እንደሚጠይቅ እግዜር ይወቀው። የመቃብሩ ድንጋይ ሲነኩት ይወዛወዛል። በአንድ ትዕይንት ውስጥ ቀኑ ሌሊት፣ ሌሊቱ ቀን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1980 ሜድቬድ የሚባሉ ወንድማማቾች ‹የምንጊዜም መጥፎ ፊልም› የሚል ማዕረግ ሰጡት፤ ዉድ ግን በ1978 አርፎ ስለነበር አልሰማም። እንኳን አልሰማ።

ከሁሉም ከሁሉም ግን የኔ ሰው ሃሮልድ ዋረን ነው። የኤል ፓሶ፣ ቴክሳስ፣ ማዳበሪያ ሻጭ። ስተርሊንግ ሲሊፋንት ከሚባል የፊልም ጸሐፊ ጋር ሲያወጋ «አስፈሪ ፊልም መሥራት ምን ይከብዳል፣ እኔም እሠራለሁ» ብሎ ተወራረደ። ሲሊፋንት ኋላ ኦስካር ያገኘ ሰው ነው። ዋረንም ቃሉን አላጠፈም፤ እ.ኤ.አ. በ1966 በ19,000 ዶላር ገደማ ‹ማኖስ፦ ዘ ሃንድስ ኦቭ ፌት›ን አወጣ። ደራሲው እሱ፣ ዳይሬክተሩ እሱ፣ ዋናው ተዋናይ እሱ። ካሜራው በእጅ እየተጠመዘዘ የሚሠራ ነው፤ አንዴ ከተጠመዘዘ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቀርጾ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ፊልሙ ውስጥ ሳይቆረጥ ከዚያ የረዘመ ነገር የለም፤ የረዘመ የሚመስለን ከሥቃዩ ብዛት ነው። ቦታው ላይ ድምፅ አልተቀረጸም። ኋላ ጥቂት ሰዎች ስቱዲዮ ገብተው የሁሉንም ድምፅ ተከፋፍለው ሞሉት፤ ሕፃኗ ሳትቀር በትልቅ ሰው ድምፅ ታወራለች።

እስቲ አንዷን ትዕይንት ልብ ብላችሁ እዩልኝ። ሌሊት ነው። ሁለት ፖሊሶች የተኩስ ድምፅ ይሰማሉ። ከመኪናቸው ይወርዳሉ፤ ጥቂት ይራመዳሉ፤ ይቆማሉ፤ ጨለማውን ያያሉ፤ ተመልሰው መኪናቸው ውስጥ ይገባሉ። ምርመራው አለቀ። ለምን? መብራቱ እዚያ ድረስ ነዋ የሚደርሰው! የበረሃው የእሳት ራት ደግሞ ያን መብራት አይቶ ይግተለተላል፤ ተዋንያኑ ፊት ላይ እየተርመሰመሰ ሳይከፈለው ይተውናል። ሌላም አለ፦ አንዲት ተዋናይት ቀረጻው መሐል እግሯ ተሰበረ። ዋረን አላባረራትም። መኪና ውስጥ አስቀምጦ ከአንድ ወጣት ጋር እንድትሳሳም አደረገ። ከታሪኩ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ ፊልሙ ወደነሱ በተመለሰ ቁጥር ግን ያው እየተሳሳሙ ነው። እንዲህ ያለ ሠራተኛ የማይበትን አሠሪ ዛሬ አሳዩኝ።

‹ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ› የተለየ ነው፤ እሱ የእውነት ያስፈራል። ጆርጅ ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1968 በፒትስበርግ አካባቢ በ114,000 ዶላር ገደማ ነው የሠራው። ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ማን ያውቅበታል። የሮሜሮ ሬሳ ቀስ ብሎ ነበር የሚመጣው፤ ሟች ነዋ! የዛሬው ሬሳ ይሮጣል። በሕይወት ሳለ ታክሲ አምልጦት የማያውቅ ይመስል። በነገራችን ላይ እነዚያ ሬሳዎች የተነሡት እድር የሌለበት አገር ስለሆነ ነው። እኛ ዘንድ ድንኳን ተጥሎ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ጸሐፊው ቀሪ መዝግቦ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ማን ደፍሮ ቀና ይላል?

ሮሜሮን የጎዳው ግን ሬሳ አይደለም። የፊልሙ ርዕስ ሲለወጥ አከፋፋዩ የቅጂ መብት ምልክቷን አዲሱ ርዕስ ላይ ማስፈር ረሳ። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሕግ ምልክት ከሌለ መብት የለም። ፊልሙ የሕዝብ ሆነ፤ ያገኘ ሁሉ እያባዛ ሸጠው፣ ባለቤቱ ዓይኑ እያየ። የአሁኖቹ ደግሞ ደጅ ቆመው የሰው መብት የሚያልቅበትን ቀን ይጠብቃሉ። የ1926ቱ የዊኒ ዘ ፑህ መጽሐፍ መብት አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 መግቢያ ላይ ሲያበቃ፣ ማር ከመላስ ሌላ ጥፋት የማያውቀውን ድብ ነፍሰ ገዳይ አድርገው በ2023 ሲኒማ አስገቡት። ምን አደረጋቸው?

‹ሻርክኔዶ› የሚባልም አለ፤ ሻርክ የተሸከመ አውሎ ነፋስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2018 ስድስት ጊዜ ነፈሰብን። የልጅ ልጆቼ «አባባ፣ እርስዎ የሚወዱት ዓይነት ነው» ብለው አቀረቡልኝ። እኔን ያንገበገበኝ ይኸው ነው! እነዚህ ሰዎች መጥፎ ፊልም እንደሚሠሩ እያወቁ፣ እየጠቀሱን ነው የሚሠሩት። ዋረንኮ አልጠቀሰም። በምርቃቱ ዕለት ሊሙዚን ተከራይቷል፤ አንድ ብቻ ስለሆነች የመጀመሪያዎቹን ተዋንያን ሲኒማው ደጅ አውርዳ፣ ዞራ ሌሎቹን ጭና ትመጣ ነበር። እንደሱ ያለ መጥፎ ፊልም የሚገኘው ሰው ጥሩ ለመሥራት ያለ የሌለ አቅሙን ሲያሟጥጥ ነው። ገንዘብ ተመድቦለት፣ ስብሰባ ተቀምጠውለት የሚበላሽ ፊልም ማጭበርበር ነው።

ፊልም የማየቱ ወግም አብሮ ተበላሸ። ዊሊያም ካስል እ.ኤ.አ. በ1958 ‹ማካብር›ን ሲያሳይ፣ በድንጋጤ ለሚሞት ተመልካች 1,000 ዶላር የሚከፍል ኢንሹራንስ ገባ። በዓመቱ ለ‹ዘ ቲንግለር› ደግሞ ወንበር ሥር የሚንዘር ሞተር አስገጠመ። እኛ ቪዲዮ ቤት አግዳሚው በገዛ ራሱ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ። የአዲስ አበባ ሰው የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ‹ሰይጣን ቤት› ያለው ሥዕል ሲንቀሳቀስ አይቶ ነው፤ ማስፈራት እንዲህ ርካሽ ነበር። የኔው የልጅ ልጅ ግን ፊልሙን በስልኩ፣ ፍጥነቱን እጥፍ አድርጎ፣ ቺፕስ እየቆረጠመ ያየዋል። ጭራቁ እንኳ ለማስፈራት ጊዜ አላገኘም።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ‹ማኖስ› እጃችሁ ከገባ መብራቱን አጥፉ፣ ስልኩን ወዲያ በሉት፣ ፍጥነቱን አትንኩ። አንድ ሰዓት ከሩብ እንኳ አይሞላም። ሳቅ ከመጣ ሳቁ። «ከሸፈ» ለማለት ግን አትቸኩሉ፤ ሰውየው የተወራረደው ፊልም እሠራለሁ ብሎ እንጂ ኦስካር እወስዳለሁ ብሎ አልነበረም። ሠራ። ውርርዱን አሸንፏል።