የደባርቅ ቪዛ

ከዱባይ የተመለሰ ጎንደሬ ለቅሶ ቤትም ቢሆን ይለያል። ሟቹ ምን አግኝቶት እንደሞተ ሳይጠይቅ ስልኩን ያወጣል። «ይቺ ቡርጅ ከሊፋ ናት» ይላል። በጣቱ ወደ ጎን ገፋ ያደርግና «ይቺም ቡርጅ ከሊፋ ናት፣ በማታ» ይላል። ቁመቷ 828 ሜትር መሆኑን የሟች እናት ሳትቀር እንድትሰማ ጮክ ብሎ ይናገራል። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ እኔን የሚያነደኝን ነገር ያመጣታል፦ «እኛ አገር ምን የሚታይ ነገር አለና!»

ይህን የሚለኝ ወዳጄ ፒያሳ ሱቅ አለው። ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቶ ሲቀመጥ ፊት ለፊቱ የፋሲል ግቢ አጥር ነው። ግቢው በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ወዳጄ ግን ለመጨረሻ ጊዜ የገባው የስድስተኛ ክፍል አስተማሪው በሰልፍ ሲያስገቡት ነው፤ ከዚያ ቀንም ትዝ የሚለው የበላው ቆሎ ብቻ ነው። ጥምቀት ሲደርስ ዓለም ወደ ፋሲል መዋኛ ሲጎርፍ እሱ ክፍሎቹን በእጥፍ ዋጋ ለእንግዳ አከራይቶ በዓሉን በቴሌቪዥን ይከታተላል።

ስከራከረው ኖሬ አሁን ግን ተውኩት። ሰውየው ልክ ነው! ሰው የሚያከብረው የደከመበትን ነው። ፖንሴ የሚባለው ፈረንሳዊ ሐኪም አፄ ኢያሱን ሊያክም ከካይሮ ተነሥቶ በስናር በኩል በ1699 እ.ኤ.አ. ጎንደር ሲደርስ መንገዱ አንድ ዓመት ገደማ ወስዶበታል። ጄምስ ብሩስ ምፅዋ ከወረደ በኋላ የሊማሊሞን አቀበት ወጥቶ ጎንደር የገባው በአምስት ወሩ፣ በ1770 እ.ኤ.አ. ነው። ስኮትላንድ ቤተ መንግሥት ጠፍቶ ነው? አልጠፋም፤ ነገር ግን የራሱን አገር ግንብ ማን ያያል! ብሩስ ፒያሳ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ዱባይ ነበር።

ጥበቡ እንዲያውም ከዚህ ይረቅቃል። ወዳጄ የሚሄደው ሐምሌ ላይ ነው። ጎንደር ጋቢ በሚያስደርብበት ወር፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ወደሚያልፍበት አገር ይበራል። ደርሶ ሙቀቱ ሲያቃጥለው ወደ ገበያ አዳራሽ ይሸሻል። በአዳራሹ ውስጥ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው ሠራሽ በረዶ አለ። ከፍሎ ይገባል፤ ካፖርት ይሰጡታል፤ ይበርደዋል፤ ሲበርደው ደስ ይለዋል፤ ሲደሰት ፎቶ ይነሣል። ደባርቅ ላይ ብርዱ በነጻ ነው። የተናቀውም ለዚሁ ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ፦ የስሜን ተራሮች ውጭ አገር ይሁኑ።

ድንበሩ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ይሰመር። ኤምባሲው ጎንደር እንዳይከፈት፣ ነገሩ ይቀልና ክብሩን ያጣል። አዲስ አበባ ይሁን። ጎንደሬው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ደባርቅ ለመሄድ በመጀመሪያ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ይውረድ። ቀጠሮው በስድስት ወሩ ይድረሰው። የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ እንዲሁም ከአንድ የጃን አሞራ ገበሬ በቀበሌ ማኅተም የተረጋገጠ የግብዣ ወረቀት ያቅርብ። ቅጹን የሚሞሉ ደላሎች ኤምባሲው አጥር ሥር ዣንጥላ ይትከሉ።

«ሳንቃበር ገብተህ እዚያው እንደማትቀር ምን ዋስትና አለን?» ትላለች ጠያቂዋ ከመስታወቱ ጀርባ።

«ቤት አለኝ፣ ልጆች አሉኝ» ይላል ወዳጄ ግንባሩ በላብ ርሶ። «ዕቁቤም ገና አልወጣልኝም።»

ዕቁቡ ያልወጣለት ሰው የትም እንደማይቀር ኤምባሲው ስለሚያውቅ ቪዛው ይመታለታል። የተከለከለው ጎረቤቱ ደግሞ ዳግመኛ እስኪያመለክት ከሰው ጋር ቡና አይጠጣም። ወዳጄ ስለቱን ለቁስቋም ያስገባል። በግ ታርዶ ሽኝት ይደረጋል። እናቱ በሶ ትቋጥርለታለች፤ የገብስ አገር እንደሚሄድ ደፍሮ የሚነግራት የለም። አክስቱ ከአዘዞ መጥታ «ምነው ልጄ፣ እዚያ የሚያውቅህ በሌለበት?» ብላ ታለቅሳለች። ዳባት ትራንዚት ነው፤ አራት ሰዓት ይጠብቃል፤ ሻዩ በዶላር ነው፤ ሻዩ በዶላር በመሆኑም ይጥመዋል። ደባርቅ ሲደርስ አሻራ ይሰጣል። «የመጡበት ጉዳይ?» «ጉብኝት።» የዋልያ ቀንድ ያለበት ማኅተም ፓስፖርቱ ላይ ጧ! ይላል። ከዚያ ወዲህ ያ ፓስፖርት ከሸሚዙ የላይ ኪስ አይወጣም።

ሲመለስማ ሻንጣው አይዘጋም። ለወንድሙ የሱፍ ቆብ፣ ለሚስቱ ዝተት፣ ለጎረቤት በሚያብረቀርቅ ፌስታል የታሸገ፣ «ዲዩቲ ፍሪ» የተባለ የደባርቅ ገብስ። ከዚያው ገብስ ቅዳሜ ገበያ ሞልቶ እያለ የሰፈሩ ሴቶች «ሽታው እንኳ ይለያል!» ይላሉ። ለቅሶ ቤት ስልኩ ይወጣል። «ይቺ ራስ ዳሽን ናት። 4,550 ሜትር ገደማ። ቡርጅ ከሊፋን አምስት ጊዜ ደራርበህ ብታቆማት አትደርስባትም። እዚህ ከጅብራው ሥር ያለሁት እኔ ነኝ። ይሄ ደረቱ ቀይ የሆነው ጭላዳ ነው፤ ሣር ሲግጥ አጠገቡ ብትቀመጥ አይሸሽህም፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ አታገኘውም፣ ይገባሃል?» እናቶች ልጆቻቸውን በቁጭት ያያሉ፦ «የእትዬ እከሌ ልጅ ጨነቅ ደረሰች፤ የእኔው ቂል ዱባይ ተጎልቶ ቀረ።» ሙሽሮች ለጫጉላ ጅንባር ፏፏቴ ፊት ይቆማሉ። ዘፋኞቻችን በአረብ አሸዋ ላይ የሰው መኪና እያሽከረከሩ መዝፈኑን ይተዋሉ። ጎንደር ውስጥ «ስሜን ያላየ ሙሽራ አንፈልግም» የሚል አማች ይነሣል።

እዚህ ላይ ግን ቀልዱ ያልቅብኛል። የስሜን ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ መጀመሪያ ከሰፈሩት 12 ቦታዎች አንዱ ነው፤ ላሊበላም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለ። በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ናቸው ከተባሉት ተርታ ገባ። ከዚያ መዝገብ እስኪወጣ 21 ዓመት ፈጀ። በመሐሉ የግጭ መንደር ሰዎች አያቶቻቸው ያረሱትን ማሳ፣ የተቀበሩበትን አፈር ትተው ደባርቅ ወርደው ሰፈሩ። ዋልያው እንዲተርፍ ገበሬ ቤቱን ለቀቀ። ዋልያን በኳስ ቡድን ስም ብቻ የሚያውቅ የከተማ ሰው ደግሞ ቁጭ ብሎ «ምን የሚታይ አለ» ይላል። ይህ ድንቁርና ነው። ማሞካሸቱም ደክሞኛል።

ዱባይ መሄድ በራሱ ነውር የለበትም። ነጋዴ ዕቃ ያመጣል፤ እህቱ እዚያ ሰው ቤት የምትሠራ ሰው እህቱን ያያል፤ ዕረፍቱን እዚያ ማሳለፍ የፈለገም ገንዘቡ የራሱ ነው። የእኛም አስተናጋጆች ንጹሐን አይደሉም። ከተራራው አጠገብ ያለ አንድ ሎጅ ገብቼ በአማርኛ ሻይ ባዝዝ፣ ከኋላዬ የመጡት ፈረንጆች ጠጥተው እስኪነሡ ድረስ ዞር ብሎ ያየኝ አልነበረም፤ ሒሳቡ ግን እንደ እነሱ በዶላር ተሰልቶ መጣ። አንድ የመንግሥት መምህር በዚያ ዋጋ ልጆቹን ይዞ አንድ ሌሊት ማደር አይችልም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ መንገዱ እንደ ልብ አይኬድበትም፤ በዚህ ፈርቶ የቀረን ሰው ምንም አልለውም። ወዳጄ ግን መንገዱ ሰላም በነበረ ጊዜም፣ ኪሱ ሙሉ እያለም አልሄደም። እናቱ እንኳ ፓስፖርት ምን እንደሆነ ሳታውቅ ለገና ላሊበላ፣ ለኅዳር ጽዮን አክሱም በእግሯ ደርሳ የመጣች ሴት ናት።

ለእሱ የምለው የለኝም። ለእናንተ ግን አለኝ። የፋሲል ግቢ በር ለማንም ክፍት ነው፤ ለኢትዮጵያዊ መግቢያው ከውጭ ዜጋው ያነሰ ነው፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ግቡ። ስሜንን የምታስቡ መንገዱን ከሚመላለሱ ሾፌሮች አስቀድማችሁ ጠይቁ። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ አገሩ አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩም የጠራ ነው። የመግቢያ ክፍያው የሚፈጸመው፣ አጃቢ ስካውት የሚመደበውም ደባርቅ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። ስንቅ ያዙ፤ ጋቢ እንዳትረሱ።