ለጨጓራ ሕመምተኞችም ፍትሕ ይሰጥ

ማለዳ ማለዳ ሬዲዮ የምንሰማ ሰዎች፣ አንዱ ሌላውን በዱላ ወይም በስለት ጎዳ በተባለ ቁጥር፣ መርማሪው ገና ቃል ሳይቀበል፣ ዳኛው ገና መዝገብ ሳይገልጥ፣ ሐኪሙም ገና ከቤቱ ሳይወጣ፣ ዜና ነጋሪው «የአእምሮ ችግር እንዳለበት የተነገረ ግለሰብ» ብሎ ነገሩን ከሥሩ ሲቋጭልን መስማት ከለመድን ሰንብተናል። እኔ በበኩሌ ይህን ሐረግ በሰማሁ ቁጥር ቁርሴ አይወርድልኝም፤ ሆኖም ምስጋና ለሚገባው ምስጋና መስጠት የተገባ ስለ ሆነ፣ ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ ውዳሴዬን አቀርባለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚደነቀው ምርመራው ነው። የአእምሮ ሐኪም ለመሆን፣ ጠቅላላ ሕክምናን ተምረው ከጨረሱ በኋላ እንኳ ገና ዓመታት መማር ያስፈልጋል፤ የእኛ ዜና ነጋሪ ግን በሽተኛውን በዓይኑ ሳያይ፣ ከፖሊስ ጣቢያ በሰማው ወሬ ብቻ ደዌውን ለይቶ ያውቃል። ይህ ሀብተ ፈውስ ባይሆንም ሀብተ ትንቢት ለመሆኑ ጥርጥር የለውም።

ቅሬታዬ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም አድልዎው ነው። የሰው ብልቶች ሁሉ ከአንድ ፈጣሪ እጅ የወጡ ሲሆኑ፣ የአእምሮ ስም ብቻ በየወንጀሉ እየተጠራ ጨጓራ በምን ኃጢአቱ ይዘለላል? ስለዚህ ከነገ ጀምሮ «የጨጓራ ሕመም እንዳለበት የተነገረ ግለሰብ ጎረቤቱን ደበደበ» ይባልልን። እንዲህ በተባለ በዓመቱ፣ ቤት የሚከራይ ሰው ወተት ሲገዛ እንዳይታይ ይጠነቀቃል፤ አከራዪቱም ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት «ልጄ፣ ጨጓራ የለብህም አይደል?» ብለው አንድ ማንኪያ ሚጥሚጣ ያስቀምሱታል። ሽማግሌ በተላከበት ቤት ትውልድ ሲቆጠር፣ ከቅድመ አያቶች አንዱ ቃር ይለው እንደ ነበር ከተደረሰበት ጋብቻው ይፈርሳል። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ፣ ቀይ ወጥ ትቶ አጥሚት የሚጠጣ ጸሓፊ ገንዘብ ቤት ዝር እንዳይል ያዝዛል። በታክሲ ውስጥ አንድ ተሳፋሪ ቢያገሳ የቀሩት በአንድ ቃል «ወራጅ አለ!» ብለው ይጮኻሉ፤ ረዳቱም ሒሳብ ሳይቀበል ቀድሟቸው ይዘላል። በድራማው፣ ሆዱን ይዞ ብቅ ያለ ሁሉ ወይ መሳቂያ ወይ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል። የዐቢይ ጾም በገባ ጊዜማ፣ ምእመናን ሁሉ ባዶ ሆዳቸው ሲያቃጥላቸው፣ ከተማው ራሱን ፈርቶ በሩን ይዘጋል። ታማሚው ግን መድኃኒት ቤት ቆሞ «ለእኔ ሳይሆን ለዘመዴ ነው» ማለትን ይማራል፤ ኪኒኑንም ተደብቆ ይውጣል፤ ከጊዜ በኋላም መዋጡን ይተዋል። ይህን የመጨረሻውን እኔ አልፈጠርሁትም፤ ሰው አየኝ አላየኝ እያሉ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል የሚገቡ ሰዎች ኑሮ ነው።

ጥፋተኛው ባለ ሀብት ሲሆን «በጭንቀት ላይ የነበሩ» ተብሎ በአንቱታ መጠራቱን፣ በመንገድ ዳር የወደቀው ደግሞ ፈቃዱ ሳይጠየቅ ፊቱ ለሕዝብ መታየቱን አልፈዋለሁ።

በዚህ ጥበብ የእንግሊዝ ጋዜጦችም አያንሱንም። እ.ኤ.አ. በ2003 የቀድሞው የዓለም ከባድ ሚዛን የቦክስ ሻምፒዮን ፍራንክ ብሩኖ ወደ አእምሮ ሕክምና በተወሰደ ጊዜ፣ «ዘ ሳን» በእብደቱ የሚያላግጥ ርእስ በፊት ገጹ አተመ፤ ሰዉ ስለ ተቆጣ ግን ርእሱን በዚያው ሌሊት ለወጠ። እኛ ግን ድምፁን ከፍ እናደርጋለን።

ቀልዱ ይብቃ። ይህ ልማድ ነውር ነው። በቡታጅራ አካባቢ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያደረባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ እነዚህ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ 30 ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ፣ ከሟቾቹም ብዙዎቹን የጣላቸው ተላላፊ በሽታ እንደ ሆነ እ.ኤ.አ. በ2015 ጽፈዋል። ስለዚህ ሞት በማለዳው ዜና አንድም ቃል ሰምቼ አላውቅም።

እንግዲህ ዜና ነጋሪ ሆይ፤ ሐኪም ያላረጋገጠውን፣ ለነገሩም የማያስፈልገውን ደዌ ከሰው ስም ጋር አታጣብቅ። አንተም አድማጭ፣ ያን ሐረግ በሰማህ ጊዜ «ማን መርምሮት?» ብለህ ጠይቅ።