አንቴናው ስንት ነው?

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ጫማ እንዲያመጣልን ስንፈልግ እግራችንን ወረቀት ላይ አሳርፈን፣ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምረን፣ ፎቶ አንስተን እንልካለን። «ከፊቱ ሰፋ ያለ ይሁን፣ አውራ ጣቴን እንዳይቆነጥጠኝ» የሚል ማሳሰቢያም አይቀርም። ሞደም ሲሆን ግን «የአሜሪካ ከሆነ ይበቃል፣ ብቻ አምጣልኝ» ብለን ስልኩን እንዘጋለን። ቤታችን የገባው የመዳብ የስልክ መስመር ነው? ፋይበር ነው? ወይስ በሲም ካርድ ነው የምንጠቀመው? የሚጠይቅም የሚናገርም የለም።

የዚያን የአሜሪካ ሞደም የዘር ሐረግ ብንቆጥር ደግሞ ነገሩ ያስቃል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ወንድም ኢንተርኔቱ የሚገባለት በኬብል ቴሌቪዥን መስመር ነበር። ኩባንያው ለሞደሙ በየወሩ ኪራይ ሲያስከፍለው ጊዜ «ለዚህች ሳጥን ዕድሜ ልኬን ልገብር ነው?» ብሎ የራሱን ገዛ። እዚያ እንኳ ዝም ብሎ አይገዛም። ኩባንያዎቹ ከመስመራቸው ጋር የሚስማሙትን ሞዴሎች ዝርዝር ያወጣሉ፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነውን መዝግበው ላይከፍቱት ይችላሉ። ወንድምም ዝርዝሩን አገላብጦ፣ ጓደኛ አማክሮ፣ ዶክሲስ 3.1 የሚባለውን ደረጃ የሚያሟላ መረጠ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ኩባንያ በሰፈሩ ፋይበር በቅናሽ አቀረበ፤ ወንድም ዞረ። ለኬብል የተሠራ ሞደም ለፋይበር አይሆንምና ዕቃው ጓዳ ገባ። ሐበሻ ደግሞ የሚሠራ ዕቃ አይጥልም፤ «አገር ቤት ይጠቅማል» ይላል። በዚህ ዓይነት ለእሱ ያልሆነው ሳጥን 23 ኪሎ ሻንጣ ውስጥ፣ በቫይታሚንና በጂንስ ሱሪ መሃል ተጠቅልሎ አዲስ አበባ ይገባል።

እኛ ዘንድ የኬብል ቴሌቪዥን መስመር በየቤቱ አልተዘረጋም፤ ያለን ዲሽ ነው። ሰውን የሚያሳስተው የኬብል ሞደምና የዲሽ ሪሲቨር ከጀርባቸው ያለችው ባለ ጥርስ ክብ መሰኪያ አንድ ዓይነት መሆኗ ነው። ጎረቤታችን ጋሼ ይህቺን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ገመዱን ከሪሲቨሩ ፈትተው ሞደሙ ላይ አጠበቁት፤ ልክክ አለ። መብራቷም ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች።

«ይኸው፣ እየፈለገ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የዲሽ ገመድ ነው» አላቸው የእህታቸው ልጅ።

«የሱ ባይሆን ኖሮ ይገጥም ነበር?»

ልጁ መልስ አጣ። ሞደሙም እውነት እየፈለገ ነበር። የተሠራው ከገመዱ ማዶ ያለውን የኩባንያውን ማሽን ፈልጎ እንዲያገኝ ነው፤ ማዶ ያለው ግን ጣሪያ ላይ የተተከለ ሳህን ነው። ካልነቀሉት ሲፈልግ ይኖራል። በዚህ መሃል ባለቤታቸው እትዬ የምሽቱ ድራማ አመለጣቸው። በአሜሪካ ዕቃ ላይ ያለው እምነት ግን ፍንክች አላለም፤ «ኔትወርኩ ነው» ተባለ። ደግነቱ አዳፕተሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚችል ነበር። ለ120 ብቻ የተሠራ ቢሆን ኖሮ በእኛው 220 ወዲያው ጨሶ ጋሼን ከብዙ ድካም ያሳርፋቸው ነበር።

የመጣው አልሆን ሲል ሱቅ ይኬዳል። መገናኛ አካባቢ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በአንዱ ጥግ ይዞ ለሚያዳምጥ ሰው ትምህርት ቤት ነው። የገዢው የመጀመሪያ ጥያቄ «አንቴናው ስንት ነው?» የሚል ነው። ባለ ሁለቱን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ባለ ስድስቱ ይነሳል፣ ይገላበጣል፣ በእጅ ይመዘናል። ሻጩም የሰውየውን ዓይን አይቶ «ባለ ስምንትም አለልህ የኔ ጌታ፣ ይሄ ግድግዳ ይበሳል» ይለዋል። ካርቶኑ ላይ 3000 የሚል ቁጥር በትልቁ ተጽፏል። ይህቺ 3000 በ2.4 ጊጋኸርትዝ 574፣ በ5 ጊጋኸርትዝ ደግሞ 2402 ሜጋቢት በሰከንድ ይደርሳል ተብሎ የታሰበውን ደምሮ፣ ጎደሎውን ወደ ላይ አጠጋግቶ የተጻፈ የፋብሪካ ተስፋ ናት። ሰውየው ቤቱ ያስገባው መስመር 10 ሜጋቢት ነው። እሱንም ሜጋባይት እያለ ነው የሚያወራው፤ ለ8 ሲካፈል በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት መሆኑን ማን ደፍሮ ይንገረው? ራውተር የመጣለትን ለየክፍሉ ያከፋፍላል እንጂ ከየትም አምጥቶ አይጨምርም። ሻጩ ይህን ያውቃል። ግን ሳምንት ሳይሞላ ሰውየው «መኝታ ቤት አይደርስም» ብሎ ተመልሶ እንደሚመጣ፣ ያን ጊዜ ኤክስቴንደር እንደሚሸጥለትም ያውቃል።

እኔን የሚገርመኝ፣ ኪሎ ቲማቲም ለመግዛት ሦስት ጉሊት የሚያዳርስ ሰው ራውተር ሊገዛ ሲል ለአቅራቢው ደውሎ «ለእኔ መስመር የትኛው ይሆናል?» ብሎ አለመጠየቁ ነው። ነፃ ነገር ስለሆነ ሳይናቅ አልቀረም።

ፋይበር የገባለት ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። መስመሩን የዘረጉት ባለሙያዎች ግድግዳ ላይ ሰቅለውለት የሄዱት ነጭ ሳጥን ዓይኑን አይሞላውም፤ «ነፃ የሚሰጥ ነገር መቼም…» ይላል። ነጩ ሳጥን በመስታወቱ ክር የመጣውን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠው እሱ ነው። መለያ ቁጥሩም አቅራቢው ዘንድ ተመዝግቧል። ሰውየው እሱን ነቅሎ በስምንት አንቴናው ሊተካው ሲል ያቺ አረንጓዴ ጫፍ የምትገባበት ቀዳዳ ታጣች። ራውተሩን ገልብጦ ከሥሩ ሁሉ ፈለገ። ነጩን ባለበት ትቶ አዲሱን በላን ገመድ ከኋላው ቢቀጥለው ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። እሱ ግን የፋይበር ቀዳዳ ያለው ሌላ ሳጥን ገዝቶ መጣ፤ ቁጥሩ የማንም መዝገብ ላይ ስለሌለ ቀይ መብራቱን አብርቶ ተቀመጠ። ለጌጥ ከሆነ ያምራል።

የሲሙ ይሻላል ቢባልም ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ከጀመረበት ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ምርጫም ግራ መጋባትም ሁለት ሆኗል። በአንዱ ኩባንያ የተቆለፈ ራውተር የሌላውን ሲም አይቀበልም፤ ከውጭ የመጣውም የእኛን ባንድ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ሲሙን ግን እየመታን፣ እያራገፍን፣ በሸሚዝ እየወለወልን መልሰን እናስገባለን።

ዕቃው ሠራ እንበል። ማረፊያው የት ነው? ቡፌ ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ጎን፣ ከሥሩ ዳንቴል ከላዩ ዳንቴል። ከኋላው የቡፌው መስታወት አለ፤ ሬዲዮ ሞገድን ከመስታወቱ ጀርባ እንደተቀባው ብረት የሚመልሰው ነገር ጥቂት ነው። በሁለት ዳንቴል የተሸፈነው ሳጥንም ሙቀቱን የሚያወጣበት ያጣል። የዳንቴሉን መነሳት የጠየቀ የቤቱን ወግ ነክቷልና ልጆቹ ለፈተና የሚያጠኑት ኮሪደር ላይ ነው። በአንድ ነገር ግን እትዬን ማንም አይተቻቸውም። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲሰሙ ሮጠው ከሶኬቱም ከስልክ መስመሩም ይነቅሉታል። ልጆቹ ይስቁባቸዋል፤ በመዳብ መስመር ተጉዞ የሚመጣ የመብረቅ ኃይል ግን ሞደም ሲያቃጥል ቀልድ አያውቅም።

ሁሉም አልሆን ሲል የመጨረሻው መድኃኒት ሪሴት ነው። የጋሼ የእህት ልጅ የእህቱን ሎቲ ተውሶ፣ የነባሩን ሞደም ጀርባ በጠባቧ ቀዳዳ ወግቶ፣ እስከ አሥር ቆጠረ። መብራቶቹ ጠፍተው እንደገና ሲበሩ ቤቱ በደስታ ተናጋ። የመስመሩ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል አብረው መፋቃቸው የተሰማው በኋላ ነው። ሁለቱም የተጻፉባት ቁራጭ ወረቀት መስመሩ የገባ ዕለት ከውሉ ጋር ተሰጥታ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያያት የለም። ጋሼ ራሳቸው ወደ አገልግሎቱ ማዕከል ደወሉ።

«የተጠቃሚ ስምዎን ይንገሩኝ» አለቻቸው ልጅቷ በትህትና።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ነገሯት።

«እሱን አይደለም አባቴ።»

«ገባኝ፣ ገባኝ፤ ለካ ውሉ በባለቤቴ ነው» ብለው የእትዬን ስም ከነአያታቸው ቀጠሉላት።