የሌሊት ፈታኞች

የብልባላ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ከአለት የፈለፈለው ሰው አንድ ዓምድ በስህተት ቢቆርጥ፣ «በሚቀጥለው እድሳት እናስተካክለዋለን» ማለት አይችልም ነበር። ለኤቲኤም ሶፍትዌር ግን መላ አለ፦ ማሽኑን ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ሌሊቱን ሙሉ በራሱ በሚሠራ ፕሮግራም ማስፈተን። መቶ ብር ካለበት ሒሳብ አምስት ሺህ ይጠየቃል፤ ማሽኑ «አይበቃም» ካላለ እድሳቱ ከዚያ ክፍል ንቅንቅ አይልም።

መጋቢት 2016 ላይ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ መቼም ሳያስበው፣ ፈተናውን ለሕዝብ ክፍት አደረገው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በውድቅት ሌሊት ተሰልፈው ጉድለቱን ወዲያው አገኙት፦ ማሽኑ «አይበቃም» አይልም ነበር። ባንኩ ሰበቡ መደበኛ የሲስተም እድሳት ነው አለ፤ የወጣውም 801 ሚሊዮን ብር ገደማ። የፈታኞቹ አበል ግን ተመላሽ ተባለ። ያልመለሱት ስማቸው ከነፎቶአቸው ተለጠፈ፤ የሥራ ልምድ ማስረጃ መሆኑ ነው።