የኮሚቴው ጥንቃቄ

በሊሙ ገነት የተማሪዎች ፊልም ክበብ ቢቋቋም፣ የፊልም መራጭ ኮሚቴው ጥንቃቄ ከወዲሁ ይታየኛል። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2009 እ.ኤ.አ. የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት ቢወስድም፣ 140 ደቂቃው የጥናት ሰዓት ይሻማልና ይወድቃል። ጊዜ ለመቆጠብም ከሦስት ሰዓት በላይ የሚፈጀው «ታይታኒክ» ይመረጣል። የቡና ገበሬያችንን ኑሮ የሚያሳየው «ብላክ ጎልድ» ግን 78 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ያጥራል፤ ደግሞስ በሊሙ ቡና ማን አጥቶ? ዋጋውን እንጂ። የአገር ውስጥ ሲኒማን የማበረታታት ዓላማም አይዘነጋም፤ የህንድ ፊልም በአማርኛ እየተተረከ ይቀርባል። ቀሪው ቅዳሜ ሁሉ የፕሪሚየር ሊግ ነው፦ ለቅሶው፣ ጭብጨባው፣ ክፉው ሰውም (ዳኛው) ስለተሟላ በሙሉ ድምፅ ይጸድቃል። ተቃውሞ ቢኖር የአርሰናል ደጋፊዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም መጨረሻውን ስለሚያውቁት።