ክሊራንስ የማይሰጥ ሰፈር

የባሕር ማዶ ቋሚ ዝውውር ማለት አንድ ሠራተኛ መሥሪያ ቤቱን ሳይለቅ አገሩን የሚለቅበት የሥራ ሥርዓት ነው። ከስደት የሚለየው ወንበሩ ቀድሞ ስለሚጠብቀው፣ ከዲቪ የሚለየው ዕጣ ስለሌለው፣ ከመስክ ሥራ የሚለየው ደግሞ ውሎ አበል ስለማይታሰብበት ነው።

በኮልፌ ቀራንዮ ቃሉ ቀድሞ የያዘው ትርጉም አለው። ዝውውር ሲባል ሰፈሩ የሚያውቀው አንድ አስተማሪ ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ ለመምጣት ዓመታት ደጅ የሚጠናበትን ወይም ኳስ ተጫዋች ክለብ የሚቀይርበትን ነው። ስለዚህ «ተዛወርኩ» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «መርካቶ ቅርንጫፍ?» ተብሎ ነው። ባሕር ማዶ መሆኑ ሲታወቅ «በዶላር ነው?» ይከተላል። መልሱ ሳይመጣ ደመወዙ ተባዝቶ ያልቃል፤ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ደግሞ ማባዣው በየጊዜው ይታረማል።

ሰፈሩ ከባሕር ማዶ ጋር እንግዳ አይደለም፤ ልማዱ ግን መቀበል እንጂ መላክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል ዘነበ ወርቅ ላይ የስንቱን አገር ሐኪም አስተናግዷል። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ ኔልሰን ማንዴላ ለወታደራዊ ሥልጠና ኮልፌ ገብተው ነበር። ሥልጠናው የስድስት ወር ነበር፤ ድርጅታቸው ግን ሳይጨርሱ ጠራቸው። የቆይታን ዘመን የሚወስነው ዋናው ቢሮ እንጂ መጀመሪያ የተነገረው ቀን አለመሆኑን ኮልፌ ያወቀችው ያኔ ነው።

የቪዛ ሕጎችም ቆይታውን ይገድባሉ። ኤል ዋን የሚባለው የአሜሪካ ቪዛ ሠራተኛው ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳያቋርጥ በዚያው ድርጅት ከአሜሪካ ውጭ መሥራቱን ይጠይቃል፤ ቢበዛ ለሥራ አስኪያጅ 7 ዓመት፣ ልዩ ዕውቀት ላለው 5 ዓመት ይፈቅዳል። የአውሮፓ ኅብረት የ2014ቱ መመሪያ በ3 ዓመት ይገታል። ብሪታንያ ለዚህ ዓይነቱ ዝውውር የምትሰጠው ፈቃድ ብቻውን ቋሚ ነዋሪ አያደርግም። «ቋሚ» የሚለው ቃል እንግዲህ የሚገኘው በመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ላይ ነው፤ ቪዛው ላይ የለም።

ቀጥሎ የሚመጣው የሰነድ ምዕራፍ ነው። የልደት፣ የጋብቻና የትምህርት ማስረጃ ይተረጎማል፣ ይረጋገጣል፤ ከፖሊስ የጣት አሻራ ተሰጥቶ ከወንጀል ነፃ የሚል ወረቀት ይወጣል። የባሕር ማዶው የሰው ሀብት ክፍል ከሁሉ የሚቸገረው በስም ነው። ባል የአባቱን ስም ይዟል፣ ሚስት የአባቷን፣ ልጅ የአባቱን፤ አንድ ቤተሰብ ሦስት «የቤተሰብ ስም» ይዞ ይቀርባል። ከመካከላቸው አንዱ በጳጉሜ ከተወለደ ፎርሙ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለሌለው ጉዳዩ ወደ በላይ አካል ይመራል።

ከዚያ ክሊራንስ ነው። የቢሮው ክሊራንስ ቀላል ነው፤ ላፕቶፕና መታወቂያ ይመለሳል፣ ንብረት ክፍል ይፈርማል፣ ፋይናንስ ይፈርማል፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ይሰላል። በየወሩ 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ሲገባ የኖረው የጡረታ መዋጮ ግን አብሮ አይሳፈርም።

የሰፈሩ ክሊራንስ ከባድ ነው። የሱቁ የዱቤ ደብተር በአንድ ቀን ይዘጋል። ዕቁብ የበላ ተዛዋሪ ዋስ ይጠራል፤ ያልበላ ደግሞ «አንተማ ዶላር ልትበላ ነው» ተብሎ ዕጣውን ለሌላ እንዲለቅ ይለመናል። ዕድር ግን ጨርሶ አይለቅም። አገር መልቀቅ ከሞት ነፃ ስለማያወጣ መዋጮው በእህት ወይም በወንድም በኩል ይቀጥላል። ቀብር የቀረ አባል በደንቡ ይቀጣል፤ ደብሊን ያለ ሰው ደግሞ ሁሉንም ቀብር ይቀራል። ሸንጎው ከብዙ ክርክር በኋላ ቅጣቱን ይምርና በምትኩ አዲስ ድንኳን እንዲያስብበት በጨዋ ቋንቋ ያሳስባል።

የሻንጣው ምዕራፍ የሚመራው በሚዛን ነው። አየር መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ 23 ኪሎ የሚመዝን ሁለት ሻንጣ ይፈቅዳል፤ አንዱን በርበሬ፣ ሽሮና በሶ ይሞሉታል፣ ሌላውን የጎረቤት መልእክት። እያንዳንዱ መልእክት «ትንሽዬ ናት» ተብላ የምትመጣ ሦስት ኪሎ ነች። ተዛዋሪው የሚሄደው ደብሊን፣ የጎረቤት ልጅ ያለችው ቶሮንቶ ቢሆን እንኳ «ከዚያ ምን ይርቃል?» ይባላል። ልብስ የሚገባው ቦታ ከተረፈ ነው። ለሽኝት የተያዘው ሚኒባስ ከቤቴል ቦሌ ድረስ ከተማዋን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሲሰነጥቅ፣ ከሻንጣው ይልቅ ሸኚው ይበዛል።

እዚያ ሲደርስ ሰዓትም ይዛወራል። «ስብሰባው በ9 ሰዓት ነው» ሲባል ምሳ በልቶ የሚደርስበት ይመስለዋል፤ ሲደርስ ግን ስብሰባው በጠዋት አልቋል። አለቃው ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይጠይቀዋል፣ እናቱ በስልክ «እንጀራው እንዴት ነው?» ትለዋለች።

ዝውውሩ የሚያልቀው በሦስት መንገድ ነው። ወይ ፈቃዱ ይታደሳል፣ ወይ ወደ ነዋሪነት ይለወጣል፣ ወይ መሥሪያ ቤቱ ሰውየውን ይመልሰዋል። በሦስቱም የዕድሩ መዝገብ አይነካም፤ መሥሪያ ቤቱ «በቋሚነት ተዛውሯል» ብሎ በጻፈበት ሰው ስም ትይዩ፣ የዕድሩ ጸሐፊ በእስክሪብቶ «ለጊዜው የለም» ብሎ አስፍሯል።